የሚያዳምጥ ሙዚየም
በአካባቢ ታሪክ ሙዚየሞች ስለሚካሄዱ ሕዝባዊ ንግግሮችና የባህል ፕሮግራሞች የቀረበ ዳሰሳ

ስለ ሙዚየሞቻችን ሲወራ ሁለት ጭንቀቶች ይቀድማሉ፤ የሕንፃው ማርጀትና የቅርሱ መዘረፍ። ሁለቱም በእርግጥ የሚያስጨንቁ ናቸው። ሌሎች ጥያቄዎች ግን እምብዛም አይነሡም። በሙዚየሙ አዳራሽ ምን ይነገራል? ተናጋሪው ማን ነው? ሰሚውስ? የተነገረው ነገር ታዳሚው ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ የት ይገባል?

ይህ ዳሰሳ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ በአዲስ አበባ፣ በሐረር፣ በደሴ፣ በኮንሶና በጂንካ ያሉ ሙዚየሞችን ይመለከታል፤ ከዋሽንግተንና ከኬፕታውን ልምድም ይጠቅሳል። የጸሐፊው አቋም ከመነሻው ቢታወቅ ይሻላል። የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀውን ሕዝባዊ ንግግር እንደ በዓል ማድመቂያ ማየታችን ብዙ አጉድሎብናል። ንግግሩ ራሱ ቅርስ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። የአንድ ሰፈር ታሪክ ከሁሉ በላይ ያለው በነዋሪዎቹ ትውስታ ውስጥ ነው። ሙዚየሙ እነሱን ጠርቶ ካላናገረ፣ የተናገሩትንም መዝግቦ ካላስቀመጠ፣ በመስታወት ውስጥ የሚያሳየው ዕቃ ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ቤተ መንግሥቱ የጥናት ቤት ሲሆን

በአገራችን ሙዚየምን፣ ቤተ መጻሕፍትንና ምሁራዊ ንግግርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘው ቀደምት ተቋም ስድስት ኪሎ ይገኛል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ረገድ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በዙሪያው የተሰባሰበው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ደግሞ ሥዕሎችና የባህል ዕቃዎች ከአገር እንዳይወጡ ገንዘብ እያሰባሰበ ሲገዛና ለሙዚየሙ ሲያስረክብ ኖሯል።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም በቀላሉ ይታያል። ስለ አንድ የብራና ሥዕል የሚናገር ሰው ሥዕሉ እዚያው ቤት ውስጥ አለለት፤ የሚጠቅሰው መጽሐፍም ከጎኑ ይገኛል። ተከራካሪው ተነሥቶ ሄዶ ማየት፣ ማገላበጥና ተመልሶ መሞገት ይችላል። ሙዚየሙ ዕቃዎቹን ያቀረበበት ሥርዓትም ለንግግር የተመቸ ነው። ከልደት እስከ ሞት ያለውን የሰው ልጅ የሕይወት ዑደት ተከትሎ የተዘረጋ ስለሆነ፣ ጎብኚው የሩቅ ሕዝብን ባህል ሲያይ የራሱን ልጅነት፣ የራሱን ሠርግና የራሱን ለቅሶ ያስታውሳል። ከዚያ ትውስታ ጥያቄ ይወለዳል፤ ከጥያቄው ደግሞ ውይይት።

ቦታውም ራሱ ምስክር ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የፋሽስት ኢጣሊያ እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ፋሽስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን ለመቁጠር ያቆሙት ደረጃ ዛሬም ከሕንፃው ፊት ቆሟል፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። በዚያ ምክንያት የተጨፈጨፉት ሰማዕታት ሐውልት ያለበት አደባባይም ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ስለዚያ ቀን የሚደረግ ንግግር በሆቴል አዳራሽ ቢደረግ ታዳሚው ታሪኩን ይሰማል። እዚህ ሲደረግ ግን ርቀቱን በእግሩ ይለካል፣ በሩን ያያል፣ «ሰዎቹ በየት በኩል ወጡ?» ብሎ ይጠይቃል። የአካባቢ ሙዚየም ከማንኛውም አዳራሽ የሚበልጥበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ታሪኩ የሚነገረው በተፈጸመበት መሬት ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከመስቀል አደባባይ ይገኛል። የአዲስ አበባ ሙዚየም በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል የቀድሞ መኖሪያ ቤት የተከፈተው ከተማዋ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 15 እና 16 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ስለ አዲስ አበባ ታሪክ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ጥናቶቹ በአሕመድ ዘካርያ፣ በባሕሩ ዘውዴና በታደሰ በየነ አዘጋጅነት በመጽሐፍ ታትመዋል። ስለ ከተማዋ አመሠራረት፣ ስለ ሰፈሮቿና ስለ ቤቶቿ የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ያንን ጥራዝ ይጠቅሳሉ። የመቶኛ ዓመቱ ሰልፍና ጭፈራ ለታዳሚዎቹ ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ለቀጣዩ ትውልድ የደረሰው ግን የተጻፈው ነው። ከዚህ በኋላ የሚነሡትን ፕሮግራሞች ሁሉ በዚህ መለኪያ መመዘን ይቻላል፦ ምን ትተው ሄዱ?

የፕሮግራሞቹ ዓይነት

በሙዚየሞቻችን የሚካሄዱት ፕሮግራሞች በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የምሁር ንግግር ነው። አንድ ተመራማሪ አንድ ርእስ ይዞ ይቀርባል፣ ማስረጃውን ያሳያል፣ ይጠየቃል። ጥንካሬው ማስረጃ ላይ ነው። ድካሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ላይ ይታያል። ስለ ጉለሌ የሚደረግ ንግግር በእንግሊዝኛ ከቀረበ የጉለሌ ሽማግሌ መጥተው ሊያርሙት አይችሉም። ይህ ለሽማግሌው ንፍገት፣ ለተመራማሪውም ኪሳራ ነው፤ ጥናቱን ሊያርምለት የሚችለውን ሰው ከበር መልሶታልና።

ሁለተኛው የምስክር ቃል ነው። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። በደርግ ዘመን እስርና ሥቃይ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው ጎብኚውን እየመሩ ያዩትን ሲናገሩ ኖረዋል። ፎቶግራፎቹ፣ የሟቾቹ ልብሶችና አጽሞች ከባድ ናቸው። የሚያስረዳው ሰው «ይህ ወንድሜ ነው» ሲል ግን ነገሩ ከዕቃ ወደ ሕይወት ይለወጣል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በየቀኑ ለጎብኚ የሚናገሩት ቃል በሙሉ ካልተቀረጸ፣ ሙዚየሙ ከፍተኛውን ሀብቱን ግድግዳው ላይ ሳይሰቅል ያጣዋል።

ሦስተኛው የበዓል ፓናል ነው። የካቲት 12፣ የካቲት 23፣ ሚያዝያ 27፣ እንዲሁም በዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት አነሳሽነት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚከበረው የሙዚየሞች ቀን፣ ግንቦት 10፣ የፓናል ቀናት ናቸው። በዓል ሰው ይሰበስባል፤ ጋዜጠኛም ይመጣል። ችግሩ የዓመቱ ንግግር ሁሉ ወደ ጥቂት ቀናት መታጨቁ ነው። በየካቲት ዓድዋን የማያነሣ አዳራሽ አይገኝም፤ በሐምሌ ግን ጥያቄ ያለው ተማሪ የሚሄድበት መድረክ የለም። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሰፋፊ አዳራሾች አሉት። ከእሱ የሚጠበቀው ትልቁ ነገር ዓድዋን የዓመቱ ሁሉ የጥናት ርእስ ማድረግ ነው። የስንቁ አሰባሰብ፣ የመንገዱ ርዝመት፣ የሴቶቹ ሥራ፣ የአጋሰሱ ብዛት፣ የምርኮኞቹ አያያዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ምሽት ይፈልጋሉ።

አራተኛው የእጅ ሙያና የባህል ትዕይንት ነው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ስፌት ሰፊዋ በሙዚየም ግቢ ሲሠሩ ማየት ለልጆች ደስታ፣ ለአዋቂም ትምህርት ነው። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 አጽድቃለች። የስምምነቱ መንፈስ ዕውቀቱ ከነባለቤቱ እንዲጠበቅ ነው። ፕሮግራሞቻችን ግን ባለሙያውን ብዙ ጊዜ እንደ ትርኢት ያቀርቡታል፤ ይሠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያመሰግኑትና ይሄዳል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከጋሞ ተራሮች ይዞት ስለ መጣው ሙያ፣ ስለ መወርወሪያውና ስለ ጥለቱ፣ ስለ ገበያውና ስለ ልጆቹ ዕጣ አንድ ሰዓት ሙሉ መናገር ይችላል። ማይክሮፎኑ ለእሱም ይድረሰው።

አምስተኛው የእግር ጉዞ ነው፤ ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ያልተሠራበት። የሼክ ሆጀሌን ቤት፣ የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስን ቤት፣ የጣይቱ ሆቴልን፣ የደጃች ውቤ ሰፈርን እያዩ የሚሄዱ ሰዎች ከአስረጂው ብቻ አይማሩም። በየበሩ የሚቆሙ ነዋሪዎች ጣልቃ እየገቡ ይጨምራሉ፣ ያርማሉ፣ ይከራከራሉ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ሲነሡ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ቤቱ ካለ አላፊ አግዳሚው ይጠይቃል፤ ቤቱ ከሌለ ግን የሰፈሩ ታሪክ በነዋሪዎቹ አንደበት ላይ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ እነዚያን ሰዎች ከየሄዱበት ፈልጎ መጥራት፣ ፎቶግራፎቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ማድረግና ታሪካቸውን መመዝገብ ከአዲስ አበባ ሙዚየሞች የሚጠበቅ አስቸኳይ ሥራ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ

የአካባቢ ሙዚየም ትርጉሙ ይበልጥ የሚገለጸው ከዋና ከተማው ውጭ ነው።

በሐረር፣ የራስ ተፈሪ ቤት በመባል በሚታወቀው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የአንድ ሰው ጥረት ፍሬ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለአሥርት ዓመታት የብራናና የወረቀት ጽሑፎችን፣ ገንዘቦችን፣ ጌጣጌጦችንና አልባሳትን ሰበሰቡ። ከስብስባቸው ለዚህ ዳሰሳ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው የድምፅ ቅጂው ነው። የሐረር ዘፈኖችና የአዛውንቶች ድምፅ በካሴት ተቀርጸው ከዕቃዎቹ እኩል ቅርስ ሆነው ተቀምጠዋል። በግንብ የተከበበችው ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በግንቡ ውስጥ የሚዜመውና የሚነገረው ነገር ያን ያህል ትኩረት እንደሚገባው ግን እኚህ ሰው ቀድመው አውቀዋል።

በደሴ ያለው የወሎ ሙዚየም ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያቀርብልናል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ሲደርስ ሙዚየሙ ተዘርፎ ጉዳት ደርሶበታል። የተዘረፈ ሙዚየም ምን ፕሮግራም ሊኖረው ይችላል? መልሱ፣ ከሁሉም ይበልጥ ንግግር የሚያስፈልገው እሱ ነው የሚል ነው። ዕቃዎቹን የሚያውቁ ሠራተኞች፣ ያበረከቱ ቤተሰቦች፣ በተማሪነታቸው የጎበኙ ሰዎች በአንድ መድረክ ተገናኝተው «እዚህ ጋ ይህ ነበር፤ ከእገሌ ቤት የመጣ ነው፤ መልኩ እንዲህ ነበር» ብለው ቢመሰክሩ ሦስት ጥቅም ይገኛል። ለጠፉት ቅርሶች ፍለጋ የሚያገለግል ዝርዝር ይወጣል። ማኅበረሰቡ የደረሰበትን ጉዳት በጋራ ይናገራል። ሙዚየሙም የሕዝብ መሆኑ ዳግም ይታወቃል። እንዲህ ያለ መድረክ ከሕንፃው እድሳት እኩል ሊታቀድለት ይገባል።

በኮንሶ፣ ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች ለጀግኖችና ለተከበሩ ሰዎች መታሰቢያ የሚቆሙ ናቸው። ስርቆትና ሽያጭ ስለ በዛባቸው በሙዚየም እንዲሰበሰቡ ሆኗል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ዋካ የተሠራው ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ የሟቹን ታሪክ እንዲናገር ነው። ከቦታው ተነሥቶ አዳራሽ ሲገባ የማን እንደ ነበረ፣ ከጎኑ የቆሙት እነማን እንደ ነበሩ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። የኮንሶ ሽማግሌ በየሐውልቱ ፊት የሚያደርጉት ገለጻ ከሌለ የተረፈው እንጨቱ ነው።

ጂንካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም የተለየ መንገድ ይዟል። በአንትሮፖሎጂስቱ ኢቮ ሽትሬከር ተሳትፎ የተጀመረው ይህ ማዕከል በአካባቢው ያሉ ሕዝቦች ራሳቸው ስለ ራሳቸው የሚናገሩበትን መድረክ ለመፍጠር ሞክሯል። ከተለያዩ ማኅበረሰቦች የመጡ ሴቶች ስለ ኑሯቸውና ስለ ክብራቸው ተወያይተዋል። የደቡብ ኦሞ ሴቶች በካሜራ ብዙ ተነሥተዋል፤ በጥሞና የተደመጡት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ሙዚየም ይህንን ሚዛን ማስተካከል እንደሚችል ጂንካ አሳይቷል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ

እ.ኤ.አ. በ1972 በሳንቲያጎ፣ ቺሊ፣ የተሰበሰቡ የላቲን አሜሪካ የሙዚየም ሰዎች ሙዚየም የኅብረተሰቡን የዕለት ችግር መጋራት አለበት የሚል አቋም ወሰዱ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት ፕራግ ላይ ባጸደቀው አዲስ የሙዚየም ትርጓሜ የማኅበረሰቦች ተሳትፎ የሙዚየም ሥራ አካል ሆኖ ተጻፈ። ከሳንቲያጎው ስብሰባ በፊትም ሆነ በኋላ ሐሳቡን በተግባር ያሳዩ ቤቶች አሉ።

አንዱ በዋሽንግተን፣ አናኮስቲያ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው የሰፈር ሙዚየም ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ኪናርድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት ዐውደ ርዕይ ስለ አይጥ ነበር። የሰፈሩ ልጆችና ወላጆች በየቤታቸው የሚያስቸግራቸው እሱ ስለሆነ፣ ሙዚየሙ የአይጥን ታሪክ፣ የሚያመጣውን በሽታና የመከላከያውን መንገድ ይዞ ቀረበ። ርእሱን የሰጠው ነዋሪው ነው። የእኛ ሙዚየሞችም ለሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ሲያወጡ ነዋሪውን ቢጠይቁ የውኃ ታሪክ፣ የዕድር ታሪክ፣ የትራንስፖርት ታሪክ፣ የቀበሌ ቤት ታሪክ የሚሉ ርእሶች ይመጡላቸዋል። እነዚህ ሁሉ የከተማ ታሪክ ናቸው፤ አዳራሽም የሚሞሉ ናቸው።

ሁለተኛው ኬፕታውን ነው። የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ዲስትሪክት ሲክስ የተባለውን ሰፈር ለነጮች ብቻ ብሎ ካወጀ በኋላ ከ60,000 በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ የተከፈተው የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ወለሉ ላይ የሰፈሩን ትልቅ ካርታ ዘረጋ። የቀድሞ ነዋሪዎች እየመጡ ቤታቸው የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ጻፉበት፣ ታሪካቸውን ተናገሩ፣ ጎብኚዎችን መሩ። ያ ትውስታ ነዋሪዎቹ የመሬት መብታቸውን ለማስመለስ ላደረጉት ትግልም ጉልበት ሆኗል። ንግግሩና ስብስቡ አንድ ሥራ ሲሆኑ ምን እንደሚገኝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ከእኛው ጋር የሚያያዝ ሦስተኛ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ በባልቲሞር የዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ኢትዮጵያ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አቅርቦ ነበር፤ በዘመናዊው ክፍል ዝግጅት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አርቲስት ጸዳዬ መኮንን ተሳትፋለች። ባልቲሞር በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ ብዙ አይርቅም። በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ ከወላጆቹ ጋር የብራና መጽሐፍ ፊት ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጡት አያት ወይም እናት ናቸው። በአገር ቤት ላሉ ሙዚየሞች ይህ ትልቅ ጥቆማ ነው፤ ከውጭ ለሚመጡ ቤተሰቦች የክረምት ፕሮግራም ማዘጋጀት ቱሪስትን ከማስተናገድ የዘለለ ጥቅም አለው።

መድረኩን የሚያጎድሉት ነገሮች

አንድ የተለመደ ፕሮግራም እናስታውስ። እንኳን ደህና መጣችሁ ይባላል። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል። የክብር እንግዳው ይጋበዛሉ። ጥናት አቅራቢው ጊዜ ስላነሰ እያሳጠሩ ያቀርባሉ። የሻይ ዕረፍት ይሆናል። መድረክ መሪው «ሁለት ጥያቄ ብቻ» ይላል። ከታዳሚው መካከል ሰነድ በቤታቸው ያላቸው፣ ክስተቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እጃቸውን አንሥተው ሳይደርሳቸው ይቀራል። የሙዚየሙ ዋና ጥቅም ያለው በእነሱ አንደበት ስለሆነ፣ የፕሮግራሙ ግማሽ ጊዜ ለታዳሚ መሰጠት አለበት።

ቅርጹን ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም። በጋሞ ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ስፍራ ሰዎች በምርቃት ይከፍታሉ፣ በተራ ይናገራሉ፣ እስኪግባቡ ይወያያሉ። ጉሚ ጋዮ የሚባለው የቦረና ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ለቀናት ይመክራል። ሕዝባችን በጥሞና መናገርንና መደማመጥን ያውቅበታል። በየአካባቢው ያለውን የመሰብሰቢያ ሥርዓት ተከትሎ መድረክ የሚያዘጋጅ ሙዚየም ተናጋሪ አያጣም።

ሰዓትም ይከለክላል። መሥሪያ ቤት በሚከፈትበት ሰዓት ብቻ የሚካሄድ ፕሮግራም ሠራተኛውንና ተማሪውን ያስቀራል። ሰው ለመስማት ፈቃደኛ አይደለም የሚለው ሐሜት ደግሞ እውነት አይደለም። በራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው ግጥም በጃዝ የተባለው ምሽት በየወሩ ከፍሎ የሚገባ ታዳሚ ነበረው። በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አዳራሽ ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ድርጅት እሑድ ከሰዓት ያዘጋጃቸው የነበሩ የመጽሐፍ ውይይቶችም ወጣቱን ይስቡ ነበር። የቀኑና የሰዓቱ መታወቅ፣ ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ታዳሚን ያፈራል።

ሴቶች በመድረኩ ላይ ቁጥራቸው ያነሰ መሆኑም መነሣት አለበት። የከተማ ታሪክ የሹማምንትና የጦርነት ታሪክ ብቻ ሆኖ ከተተረከ ተናጋሪውም በአብዛኛው ወንድ ይሆናል። ጠጅ ቤት ያስተዳደሩ፣ በጉልት ገበያ ልጆች ያሳደጉ፣ አዋላጅ የነበሩ፣ ዕቁብ የሰበሰቡ እናቶች ሲጠሩ ግን የከተማው ታሪክ ሌላ ገጽ ይከፈታል።

ከሁሉ የሚከብደው የሚያከራክር ታሪክ ነው። ለአንዱ ወገን ጀግና የሆነ ሰው ለሌላው የበደል ስም ሊሆን ይችላል። ብዙ የሙዚየም ኃላፊዎች ጠብ ፈርተው እንዲህ ያለውን ርእስ ይሸሻሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መሸሹ ግን መድረኩን ለጩኸት አሳልፎ ይሰጣል። ሙዚየም ለአስቸጋሪ ርእስ ከማንም የተሻለ ቦታ የሚሆነው ሰነዱና ዕቃው በእጁ ስላለ ነው። ተናጋሪዎች ምንጫቸውን ቀድመው እንዲያሳውቁ፣ የተለያየ እይታ ያላቸው በእኩል ሰዓት እንዲቀርቡ፣ የሚከበር አወያይ እንዲኖር፣ የግለሰብ ስድብ እንዲከለከል አስቀድሞ መስማማት ይቻላል። ስምምነት ላይ ባይደረስ እንኳ ልዩነቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ልዩነቱ ራሱ ማስረጃ ነው።

የሚመዘገብ ንግግር

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ በምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» ፕሮግራም አንጋፋ ሰዎች ሕይወታቸውን ለረጅም ሰዓት ሲተርኩ ሕዝብ በጥሞና ሲያዳምጥ ኖሯል። ከልጅነት ሰፈር ተነሥቶ እስከ ሹመትና እስር የሚደርሰው ያ ወግ ለብዙ አድማጭ የታሪክ ትምህርት ሆኖታል። ሬዲዮ ያደረገውን ሙዚየም በበለጠ ሊያደርገው ይችላል፤ ምክንያቱም ሙዚየም ቃሉን ከፎቶግራፉ፣ ከደብዳቤው፣ ከቤቱ ካርታ ጋር አገናኝቶ ለዘለቄታው የማስቀመጥ ኃላፊነት አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ጥሩ ማይክሮፎንና መቅጃ፣ ቅጂውን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ርእሱን የያዘ ካርድ፣ ከዚያም ቃሉን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ሰው። የአዛውንቶቹ የመጓጓዣ አበልም በበጀት ውስጥ መግባት አለበት፤ ዕውቀታቸውን ሊሰጡ የመጡ ሰዎች ከኪሳቸው ማውጣት የለባቸውም። ዐውደ ርዕይ ለማደስ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ይህ ወጪ ትንሽ ነው።

ፈቃድ የግድ ነው። ተናጋሪው ቃሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊሰማው እንደሚችል፣ ይፋ እንዲሆን የማይፈልገው ክፍል ካለ እስከ መቼ እንደሚታሸግ ተረድቶ መፈረም ወይም በድምፁ መስማማት አለበት። በተለይ የሥቃይና የግጭት ምስክርነት ላይ ይህ ጥንቃቄ ሰውን ከአደጋ ይጠብቃል። በተናገሩበት ቋንቋ መቅዳትም እንዲሁ ዋና ነገር ነው። በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በኮንሶኛ ወይም በሐመርኛ የተነገረ ቃል በትርጉም ብቻ ከተቀመጠ ግማሹ ቀርቷል።

ማጣራትም የሙዚየሙ ድርሻ ነው። ትውስታ ይሳሳታል፣ ቀን ያምታታል፣ ራስን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ቃል ከሌላው ጋር፣ ከማዘጋጃ ቤት መዝገብና ከጋዜጣ ጋር መመሳከር አለበት። የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቅርስ አያያዝ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ጉልበት ናቸው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ያገኝበታል፣ ሙዚየሙ መዝገብ ያገኝበታል፣ አዛውንቱም ቃላቸው በቁም ነገር መወሰዱን ያያሉ።

ከዚህ ወዴት

የዳሰሳው ውጤት በአጭሩ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝባዊ ንግግርን ከስብስብና ከጥናት ጋር ያገናኙ ሙከራዎች አሉን፤ ከስድስት ኪሎ እስከ ሐረርና ጂንካ። ታዳሚም አለን። የጎደለን ሙከራዎቹን ወደ ቋሚ አሠራር መለወጥ ነው። እያንዳንዱ የአካባቢ ሙዚየም በወር አንድ የታወቀ ቀን ይኑረው። በዓመቱ መጀመሪያ ርእሶቹን ከነዋሪው፣ ከዕድሮችና ከትምህርት ቤቶች ጋር ይምረጥ። ከተናጋሪዎቹ ግማሾቹ የአካባቢው ሰዎች ይሁኑ። የሚነገረው ሁሉ ይቀረጽ፣ ይጻፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጥራዝ ይታተም፤ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍትም ይሰጥ። የሙዚየም ሥራ አፈጻጸም ሲገመገምም ከጎብኚው ቁጥር ጎን «ዘንድሮ የስንት ሰው ቃል መዘገባችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር።

ሕንፃ ሊታደስ ይችላል። የተዘረፈ ዘውድ ከዓመታት በኋላ ከባሕር ማዶ ሊመለስ ይችላል፤ ከጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ኔዘርላንድስ የተገኘው ዘውድ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ አገሩ ተመልሷል። ሳይመዘገብ ያለፈ የምስክር ቃል ግን በማንኛውም ድርድር አይመለስም። በዚህ ምክንያት የሙዚየም ኃላፊዎች፣ የከተማ ምክር ቤቶችና የባህል ቢሮዎች በጀት ሲያወጡ የአዛውንቶቹን መድረክ በቅድሚያ ዝርዝሩ አናት ላይ ሊያስቀምጡት ይገባል። ቅርስ ለመጠበቅ ከሚደረገው ሥራ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነው።